ቡታጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት ግድግዳውን ብሱት

የደብረ ማርቆስን ብርድ የኖረበት ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ የበሩን ስር በጨርቅ ወትፎ ነው የሚውለው። አክስቴ አዲሱን ቤት ስታሠራ ወጥ ቤቱን ወደ ውስጥ አስገባችው። ድሮ ጓሮ ነበር፣ ጭሱም በክዳኑ እየሾለከ ይወጣ ነበር። አሁን ብሎኬት ነው፣ ኮርኒስ ነው፣ ነፋስ የማያስገባ መስኮት ነው። ሰኔ ላይ ባለ አራት ምድጃ ቡታጋዝ ገዛች። ከዚያ ወጥ በሠራች ቁጥር ራሷን ያማት ጀመር፣ ደጅ ስትወጣ ደግሞ ይተዋታል። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላት። ምች ግን አልነበረም።

ጋዝ ሲነድ የክፍሉን ኦክስጅን ይበላል። አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። "ቡታጋዝ ይሸታል፣ ችግር ካለ እናውቃለን" የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚሸተው ያልነደደው ጋዝ ነው፣ ያውም ሆን ተብሎ ሽታ ስለተጨመረበት። ሲነድ የሚወጣው መርዝ አይሸትም። በዚያ ላይ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍል ሙሉ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቀዳዳ ላይ አትሰስቱ።

ቀዳዳው ሁለት ነው። አንዱ ላይ፣ ኮርኒሱ አጠገብ፤ ትኩሱና የተቃጠለው አየር የሚወጣው በዚያ ነው። ሌላው ታች፣ ወለሉ ጥግ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈተልክ እንደ ውኃ ወለል ላይ ይተኛል፣ በመስኮት አይወጣም። ሁለቱም በቀጥታ ወደ ደጅ ይውጡ። ወደ ሳሎን፣ ወደ መኝታ ቤት ወይም ኮርኒስ ውስጥ የሚያወጡ ግንበኞች አሉ፤ እሺ አትበሏቸው።

የቀዳዳውን ስፋት ለማወቅ የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አባዙ። 2 በ2 ሆኖ ቁመቱ 2.4 ሜትር የሆነ ወጥ ቤት 9.6 ሜትር ኩብ ነው። በእንግሊዝ አገር ደንብ ከ5 ሜትር ኩብ በታች ለሆነ ወጥ ቤት ሁልጊዜ ክፍት የሆነ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይጠየቃል፣ ከ5 እስከ 10 ለሆነው 50፤ ከዚያ ሌላ ወደ ደጅ የሚከፈት መስኮት ወይም በር የግድ ነው። እኔ በኛ ከፍታና በኛ የመዝጋት ልማድ እያንዳንዱን ቀዳዳ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር አድርጉት እላለሁ። ለአይጥ ሰፋ ያለ ሽቦ ይበቃል። የትንኝ ወንፊት አታድርጉበት፣ በዘይትና በአቧራ በጥቂት ወር ይደፈናል። በምድጃው ቁመት ትይዩም አትብሱ፣ ነፋሱ እሳቱን ያጠፋዋል።

የጭስ መሳቢያ የምትገዙ ከሆነ ቱቦው ግድግዳ በስቶ መውጣቱን አረጋግጡ። አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ክፍሉ ውስጥ የሚተፋው ዓይነት ቅባትና ሽታ ይቀንሳል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያወጣም።

ሲሊንደሩን ከተቻለ ደጅ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። የቡናውን ከሰል እዚያው ወጥ ቤት አታቀጣጥሉ፣ እሱ ከቡታጋዙም የባሰ ነው። በረንዳ ላይ ይሁን። የጋዝ ሽታ ከመጣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ።

የቀዳዳው ሥራ ሲያልቅ አራቱንም ምድጃ አንድ ላይ ለኩሱና እሳቱን እዩት። ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ ነው። ቢጫ ከሆነና የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰው አየር አንሶታል፣ ወይም የጋዙ ማውጫ ቀዳዳ ቆሽሿል፣ አለዚያም ለከፍታው አልተስተካከለም። ባለሙያ ሳያየው አትጠቀሙበት።

የአክስቴን ግንበኛው በግማሽ ቀን ጨረሰው። ራስ ምታቱ ተዋት። ነሐሴ ላይ ልጠይቃት ብሄድ ግን በርዷት የላይኛውን ቀዳዳ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃዋለች። አወጣሁትና ከውጭ በኩል፣ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቄ ላሜራ አስገጠምኩላት። ነፋሱን ያዞረዋል፣ ቀዳዳውን አይዘጋም።