መድኃኒቱ ሦስት ቀኑ፣ ትኩሳቱ ግን እንዳለ ነው፦ የሆስፒታል ሳንባ ምች ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ዋርድ ላይ ለምትሠሩ ነው። ኦክስጅኑን፣ ራጁን፣ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልነሳ። እኔ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ሰው ነኝ። በሽተኛውን አላየውም፤ የማየው አክታውን ነው። ችግሩ፣ ከሚላክልኝ አክታ አብዛኛው አክታ አይደለም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ

ምልክቱ በሽተኛው ሆስፒታል በተኛ በ48 ሰዓት ውስጥ ከጀመረ ምቹን ይዞት የመጣው ከቤቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ኒሞኮከስ ወይም ሄሞፊለስ የሚባል ባክቴሪያ ይሆናል፤ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ይበቃዋል። ከ48 ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን የሰጠነው እኛ ነን። ያኔ ተጠርጣሪዎቹ ክሌብሴላ፣ አሲኔቶባክተር፣ ሱዶሞናስና ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ናቸው። በሞቃት አገሮች ሆስፒታሎች ብዙውን ጊዜ የሚያመዝኑት የፊተኞቹ ሦስቱ ናቸው። ባለፉት 90 ቀናት ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰውንም ከእነዚህ ጋር አስቡት። ካርዱ ላይ የተኛበት ሰዓት ከሌለ ይህ ሁሉ ግምት ነው።

ምልክት፦ ካልቸሩ (ናሙናውን አሳድገን ባክቴሪያውን የምንለይበት ምርመራ) በየጊዜው ሌላ ነገር ይላል፣ በሽተኛው ግን አይሻለውም

የኔ ጣጣ ይሄ ነው። ሰኞ «የተደባለቀ እድገት»፣ ሐሙስ «ካንዲዳ» (ፈንገስ ነው)፣ እሑድ «ክሌብሴላ»። ሐኪሙ በእያንዳንዱ ወረቀት አንድ መድኃኒት ይጨምራል። በሳምንቱ በሽተኛው አራት መድኃኒት እየወሰደ ትኩሳቱ 39 ላይ ቁጭ ብሏል።

ምክንያቱ፦ የላካችሁት ምራቅ ነው። አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ጥቂት ቀን የተኛ ሰው አፍ ውስጥ ደግሞ የዋርዱ ክሌብሴላም ገብቶ ይሰፍራል። ፕሌት (ባክቴሪያ የምናሳድግበት ሳህን) ላይ ስናደርገው ያ ሁሉ ይበቅላል። ሪፖርቱ ውሸት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ስለ አፉ እንጂ ስለ ሳንባው አይደለም። ካንዲዳማ አክታ ውስጥ ስለታየ ብቻ አይታከምም። ሳንባ ምች የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ምራቅን ከአክታ የምንለየው በግራም ስቴይን፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለማየት በምንቀባው ቀለም ነው። በማይክሮስኮፑ ዝቅተኛ ማጉያ፣ በአንድ እይታ ከ25 በላይ ነጭ የደም ሴልና ከ10 በታች የአፍ ሽፋን ሴል ካየን ደህና አክታ ነው። የአፍ ሽፋኑ ከበዛ ምራቅ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም ይህን ቀለም በ1884 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ይፋ ያደረገው በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ እየመረመረ ነው። ገና ሲፈጠር ለዚሁ ሥራ ነበር ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ግን የሚያነበው የለም፤ ሁሉም ዘሎ ካልቸሩ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ከአንድ ዋርድ ስድስት ናሙና መጣልኝ። አምስቱን መለስኩ። አንድ ወጣት ሐኪም ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ «እንዴት ትመልሳለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩት። ዝም ብሎ አየ። «ይሄ ጠፍጣፋው ነገር ምንድን ነው?» አለኝ። «የጉንጭ ሽፋን ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ናሙና ሲወሰድ ራሱ አጠገቡ ይቆማል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአንዲት አሮጊት ናሙና ሦስቴ ምራቅ ሆኖ መጣ። አስታማሚዋን ልጃቸውን አስጠራሁ። «እማማ መትፋት ሲያቅታት እኔ ተፋሁላት» አለችኝ። በልጅቷ አልፈርድም። የምፈርደው ዕቃውን እጇ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይነግራት በሄደው ላይ ነው።

የመስኮቱ ነገርም አለ። ጠዋት የተወሰደ አክታ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ እየመታው ተቀምጦ ከሰዓት ይመጣል። በሙቀት ስስ የሆኑት ኒሞኮከስና ሄሞፊለስ ይሞታሉ፤ ክሌብሴላን የመሳሰሉት ይራባሉ። ከዚያ «ክሌብሴላ ነው» ብለን እንጽፋለን፣ እናንተም ታምኑናላችሁ።

መፍትሄው፦ ናሙናውን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ውሰዱ። (በሽተኛው እየደከመ ከሆነ ግን ናሙና እስኪገኝ ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳታዘገዩ!) አፉን በንጹሕ ውኃ ያጉመጥምጥ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ያውልቀው። ቀና ብሎ ይቀመጥ። ሁለት ሦስቴ አየር በጥልቀት ይሳብ፣ ከዚያ ከደረቱ ያስል። አጠገቡ ቁሙ። ወፍራም፣ ቢጫ ወይም ዝገት የመሰለ ከወጣ ጥሩ። ጥርት ያለ አረፋ ከሆነ ድፉትና እንደገና። እምቢ ካለ በኔቡላይዘር (ፈሳሽን ወደ ጉም በሚለውጠው ዕቃ) የጨው ውኃ ሞክሩ። የመተንፈሻ ቲዩብ ያለው ከሆነ በአዲስ ንጹሕ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ሳቡለት፤ የተሳበው ሁሉ ከሚጠራቀምበት የሰክሽን ጠርሙስ ቀድታችሁ አትላኩ። አዎ፣ ተልኮልኝ ያውቃል። በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። መድኃኒት ከጀመረ ወረቀቱ ላይ የትኛውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። ደም ካልቸርም አብራችሁ ውሰዱ። አክታ ያሳሳተውን ደም ያስተካክለዋል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ምልክት፦ ናሙናው ደህና ነው፣ ክሌብሴላ ወጣ፣ ሴፍትሪያክሶን አልሠራም

ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም አለው። መጠን መጨመር ውኃ መውቀጥ ነው። ሜሮፔኔም የሚባለው ጠንካራ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ምላሽ ከሰጠ ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ይበቃል። «ለማንኛውም» ተብሎ 21 ቀን የሚሰጠው ሜሮፔኔም ቀጣዩን ባክቴሪያ ያሠለጥናል። ካልቸሩ በቀላል መድኃኒት ይድናል ካለ ደግሞ ወደ ቀላሉ ውረዱ። ወደ ላይ መውጣት ሁሉም ይችልበታል፤ መውረድ የሚደፍር ግን ጥቂት ነው።

ምልክት፦ ጎን ለጎን የተኙ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት አሲኔቶባክተር አላቸው

የሦስቱም ባክቴሪያ በአንድ ዓይነት መድኃኒት የሚሸነፍ፣ ለሌላው የማይበገር ከሆነ፣ በአጋጣሚ አይደለም። አንድ ዕቃ ወይም አንድ እጅ ያዞረዋል። ይህ ባክቴሪያ ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት ይቆያል። እኛ ጋ ያገኘነው በእጅ አየር መስጫው ፊኛ ላይ ነበር። በአልኮል ላዩን ጠርገው ከአልጋ ወደ አልጋ ያዞሩታል። ውስጡ እርጥብ ነው። ፈትታችሁ እጠቡ፣ በሚገባ አምክኑ፣ አድርቁ። የማይፈታ ርካሽ ዕቃ የገዛላችሁን ሰው ደግሞ አንድ ቀን ዋርድ አስገቡት። የእርጥበት መስጫው ጠርሙስ ውስጥ የቧንቧ ውኃ አታድርጉ። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። በአንድ ጓንት ሦስት በሽተኛ የሚነካ ሰው ጓንቱን የለበሰው ለራሱ ነው።

ቲዩብ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ከሌለው፣ ኦክስጅኑ ካልወረደና ራጁ ካልተለወጠ የካልቸሩን ወረቀት አታክሙ። አሲኔቶባክተር እዚያ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፣ ጥርሱን በየቀኑ ቦርሹ።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ በፍጥነት የሚያጣድፍ ምች፣ ራጁ ላይ ጉድጓድ ያለው፦ ስታፊሎኮከስ አስቡ። ሜቲሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የለመደ ከሆነ ቫንኮማይሲን ስጡ። ዳፕቶማይሲን ለሳንባ አይሆንም፤ ሳንባ ውስጥ ያለው ቅባት ያከሽፈዋል።

መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ በ72 ሰዓት ለውጥ ከሌለ፦ ሳንባው ዙሪያ መግል ሊኖር ይችላል። በመርፌ ፈትሹ። መግል ይቀዳል እንጂ በመድኃኒት ብቻ አይደርቅም።

በሌቮፍሎክሳሲን ተሽሎት ተመልሶ የመጣ፦ ቲቢ መርምሩ። መድኃኒቱ ቲቢን ለጊዜው ይደብቃል።

ስኳር ያለበት ሰው፣ በዝናብ ወራት፣ ጭቃ ውስጥ የሚሠራ፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በሰሜን አውስትራሊያ፦ ሜሊዮይዶሲስ የሚባለውን በሽታ አስቡ። ባክቴሪያው በርክሆልደሪያ ሱዶማሌይ ይባላል፤ ላብራቶሪ ውስጥ «ተራ ሱዶሞናስ» እየተባለ ይጣላል። ኦክሲዴዝ በሚባለው የላብራቶሪ ምርመራ ፖዘቲቭ ሆኖ ጄንታማይሲንና ኮሊስቲን የማይነኩት፣ ኦግመንቲን ግን የሚገድለው ከሆነ ጠርጥሩ። ሴፍታዚዲም ወይም ሜሮፔኔም ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ቀጥሎ ኮትሪሞክሳዞል ቢያንስ 3 ወር። ላብራቶሪ ያላችሁ ደግሞ ፕሌቱን ከፍታችሁ አታሽቱ። በትንፋሽ ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ዕቃው። ስም፣ የካርድ ቁጥርና ሰዓት ጎኑ ላይ ጻፉ፣ ክዳኑ ላይ አይደለም። እኛ ስንከፍት ክዳን ይቀያየራል።