ክረምቱ ከጓሮ መውጣቱን እንዴት እናውቃለን?

ሆለታ ባለችው ጓሮዬ ካሮት ለመጀመሪያ ጊዜ የዘራሁ ዓመት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ ወጣች። «በቃ፣ ክረምቱ አለቀለት» ብዬ መደብ ሠርቼ ዘሩን በተንኩ። በአምስተኛው ቀን የወረደው ዝናብ መደቡን ከነዘሩ ጠርጎ ወሰደው። ካሮቱ የበቀለው ጎረቤቶቼ አጥር ሥር ነው፤ ኅዳር ላይ ልጆቻቸው እየነቀሉ ሲበሉት በዓይኔ አየሁ።

በአቆጣጠራችን ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ በማግስቱ መፀው ይገባል። ዝናቡ ግን አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ጥቅምት ድረስ ይጎተታል። የቀኑ መርዘምና ማጠርም እኛ አገር እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ምልክት አይሆንም። መታየት ያለበት ውሃው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሐምሌ ላይ፣ በአረም ጊዜ ነው። አደይን አብራችሁ እንዳትነቅሏት። ቡቃያዋ ጨጎጎት ይመስላል፤ ዘመዳሞችም ናቸው። እኔ ሁለት ዓመት ነቅዬ ጥያት «ዘንድሮ አደይ የለም» ስል ነበር። አጥር ጥግ ጥቂት ተዉላት። እንቡጥ ስትይዝ መደባችሁን አሰናዱ፣ ዘር ግን አታውጡ፤ አደይ ዝናብ እየወረደባትም ትፈካለች።

ቀጥሎ የዝናቡን ጠባይ ማየት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝናብ አለመዝነቡ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ሰዓቱን ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት የጀመረው እያካፋ ይመሻል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ጠዋቱ ጥርት ይልና ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት፣ አንዳንዴም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይመጣል፣ ወርዶም ያባራል። ነፋሱንም እዩ። ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ይዞ ሲመጣ የከረመው እየደከመ፣ ከምሥራቅ በኩል ደረቁ ይተካዋል። እኔ የጭሱን አቅጣጫ ነው የማየው፤ የስልክ ትንበያ ለእኔ ጓሮ ሠርቶልኝ አያውቅም። ሌሊቱ በኮከብ ተሞልቶ አድሮ ጠዋት ጎመኑ ላይ ጤዛ ስታገኙ፣ ይህም ሳምንት ሙሉ ሲደጋገም፣ ያኔ ክረምቱ እየሄደ ነው።

የመስቀል ወፍ መጣች ብሎ መዝራትም አያዋጣም። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ ከየትም አይመጡም። ወንዱ በዝናቡ ወራት ላባውን ስለሚቀይር ነው የምናየው፤ ሌላውን ጊዜ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ እዚያው ነበር።

የመጨረሻው ፈተና አፈሩ ነው። እኔን ያታለለኝ የላይኛው ቅርፊት ነበር፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል። አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ አፈር ዝገኑ፣ ጨብጡት፣ መዳፋችሁን ክፈቱና በአውራ ጣት ነካ አድርጉት። እንደ ሊጥ ከተዳመጠ ወይም መዳፋችሁ ላይ ጭቃ ከተወ ገና ነው። ፍርፍር ካለ ደርሷል። ዋልካ ከሆነ ከቀዩ አፈር ብዙ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። እርጥበት መለኪያ የሚባለውን ሹል ነገር ገዝቼ ነበር፤ ዋልካው ውስጥ ተጣመመ። እጅ ይበቃል።

ከዚያ መዝራት ነው። መደቡን ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉ፣ ዘሩን በመስመር ጣሉ፣ ስስ አፈር አልብሱት። ኅዳር ላይ ውርጭ ስለሚመጣ ለደጋ ቲማቲም አልመክርም፤ ካሮት፣ ጎመንና ቆስጣ ይችሉታል። መደቡንም ወደ ጎረቤት አጥር በሚያዘቀዝቀው በኩል አትሥሩት።