በውጭ ቤተ መዘክሮች ድረ ገጽ ላይ የኢትዮጵያን ቅርስ በዘመን ለይቶ መፈለጊያ መንገድ

በውጭ ቤተ መዘክሮችና ቤተ መዛግብት ያለውን የአገራችንን ብራና፣ ፎቶግራፍና ቅርስ በድረ ገጽ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን የሚመለሰው ዓመቱን እንዳለ በዓመተ ምሕረት ስለሚጽፍ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ዓመቱን መለወጥ ያስፈልጋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመታት መስጠት ይገባል፤ ለምሳሌ ለ1923 ዓ.ም. ከ1930 እስከ 1931። ቀኑም የሚፈለግ ከሆነ፣ የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1900ን ሠግር ዓመት (366 ቀን ያለው) ስላላደረገው ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች ዛሬ ከምናውቀው ስሌት በአንድ ቀን እንደሚቀድሙ ማስታወስ ያሻል። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ የዓድዋ ጦርነት ግን በውጭ መዛግብት የተመዘገበው ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው የአሜሪካን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የዘመን ማጣሪያው ከመቶ ዓመት ወደ አሥር ዓመት፣ ከዚያም ወደ አንድ ዓመት እያጠበበ ይወስዳልና። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ባቀኑ ጊዜ የተነሡ ፎቶግራፎች በዚያ በማትሰን ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚፈለጉትም በ1936 ነው። በአገራችን ስም ፍለጋው ጥቂት ውጤት ብቻ ካመጣ፣ የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ይጠቀሙበት የነበረውን «አቢሲኒያ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል መሞከር ይጠቅማል። መዝጋቢዎች ስለ ዘመኑ እርግጠኛ ሳይሆኑ «ገደማ» ብለው ያለፉት ሥራም ብዙ ስለሆነ፣ ከዓመቱ በፊትና በኋላ አሥር አሥር ዓመት ጨምሮ ማስፋት ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የተሠራበትንና የተወሰደበትን ዘመን መለየት ያስፈልጋል። በ1868 (በእኛ 1860 ዓ.ም.) የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈው የወርቅ ዘውድ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል፤ የተሠራው ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ፣ የዘመን ማጣሪያውን በ1868 ብቻ የገደበ ሰው አያገኘውም። ይህን የመሰለ ቅርስ እንዲህ ከዓይን ማምለጡ ያሳዝናል።

ለብራና በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ዋነኛው ነው፤ በኢትዮጵያ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት በዚያ ተመዝግበዋል። መዝጋቢው በክፍለ ዘመን ብቻ የገመተውን ብራና አንባቢው ራሱ ሊያጣራው ይችላል። ጸሐፊው በመጽሐፉ መጨረሻ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን) ከጻፈ 5500 ይቀነሳል፤ ዓመተ ሰማዕታት (ከሰማዕታት ዘመን ጀምሮ የሚቆጠረው) ከሆነ 276 ይደመራል፤ የሚገኘውም በእኛ አቆጣጠር ነው። በጥንት ብራና ላይ «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ግን በ532 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለውን ቁጥር ሊያመለክት ስለሚችል፣ የንጉሡንና የጳጳሱን ስም ሳያመሳክሩ መቀበል አይገባም።

የተገኘውን ሁሉ ከነመዝገብ ቁጥሩ መያዝ ያስፈልጋል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኦክቶበር 2023 የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት በድረ ገጹ የነበሩት ብራናዎች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር፤ ቁጥሩን የያዘ አንባቢ ግን ድረ ገጹ ሲከፈት ያንኑ ብራና በቀጥታ መጠየቅ ይችላል።