በዘር ነው ወይስ በአስተዳደግ? ስለ ልጅ አንጎል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ ቀለም ሲገባው «አባቱን ወጣ»፣ አልገባ ሲለው «አስተዳደጉ ነው» ማለት ይቀናናል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ዘርንና አካባቢን እንደ ርስት መሸንሸን። ፕሮቲን የሚያሠሩት ዘረመሎቻችን 20,000 ገደማ ናቸው። የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ደግሞ ወደ 86 ቢሊዮን ይጠጋሉ። የእያንዳንዱ ግንኙነት አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም። ዘረመል መንገዱን ይቀድዳል፤ የትኛው ግንኙነት እንደሚጸና ግን ሕዋሱ ሥራ ላይ መዋሉ ይወስናል። ሁበልና ዊዝል የተባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለወራት ሸፍነው ነበር። ሲከፈት ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ አንጎሉ ግን ትቶታል። የሕፃን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና «ትንሽ ይደግ» ተብሎ የማይቆየው ለዚህ ነው።

«በዘር የመጣ አይመለስም» ማለትም ስህተት ነው። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በሽታ አለ። ሰውነት አንዱን የፕሮቲን ክፍል መፍጨት ያቅተውና ተጠራቅሞ አንጎልን ይጎዳል። ሕፃኑ በተወለደ ሰሞን ከተረከዙ በሚወሰድ ደም ከታወቀና ምግቡ ከተስተካከለለት ግን አንጎሉ በደህና ያድጋል። ዘረመሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ምግቡ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚን እርግዝና ከታወቀ በኋላ መጀመር ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ገና «የወር አበባዬ ቀረ እንዴ?» እያለች ነው። በሦስተኛው ወር ክትትል ሲጀመር ክኒኑ ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለቱቦው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ልታረግዝ የምትችል ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም ትጀምር። ከዚህ በፊት ቱቦው በደንብ ያልተዘጋለት ልጅ የወለደች ከሆነ መጠኑ በጣም ስለሚጨምር ሐኪም ታማክር። አገራችን ውስጥ ይህ ችግር ብዙ ነው፤ ባሎችም ቢያውቁት አይከፋም።

አዮዲን ያለው ጨው ገዝቶ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥስ? ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን ያባክኑታል። ጨውን በደንብ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። «እንቅርት የለብኝም» ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። እንቅርት ሳይታይም የእናት አዮዲን ማነስ የፅንሱን ነርቭ ሕዋሳት እድገት ሊያውክ ይችላል።

«የአንጎል እድገት ከ3 ዓመት በኋላ አበቃ» የሚሉም አሉ። አላበቃም። የአንጎል የፊተኛው ክፍል ሥራ ላይ የማይውሉ ግንኙነቶቹን እየቀነሰ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ይዘልቃል። የ15 ዓመት ልጅ እንቅልፍም ሆነ ጫትና መጠጥ የአንጎል እድገት ጉዳይ ነው።