አሜሪካ ገብታችሁ ሥራ ስትፈልጉ ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

ወርክ ፐርሚቱና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ እጃችሁ ሲገባ የሚቀጥለው ጥያቄ ሬዙሜ (ለቀጣሪ የሚሰጥ የሥራ ልምድ መግለጫ) ነው። አሁን ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ ከፍቶ «ሬዙሜ ጻፍልኝ» ይላል። ይጽፍለታል፤ እንግሊዝኛውም ያማረ ነው። ግን ማንም ሰው ስሙን ቢለጥፍበት ይሄዳል፣ ቀጣሪም ያንኑ ከሌላው አመልካች አንብቦታል። እኔ አጥብቄ የምመክረው የተገላቢጦሹን ነው፦ መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ፣ ቀጥሎ እሱ ይጠይቃችሁ፣ ጽሑፉ መጨረሻ ይምጣ።

አዳማ ውስጥ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል የሠራ ሰው እንውሰድ። «ስቶር ኪፐር ነበርኩ» ብሎ ካቆመ የቀረውን ኤአይው ከራሱ ፈጥሮ ይሞላዋል። በአማርኛም ቢሆን በዝርዝር ይንገረው፦ ዕቃ ሲመጣ ከግዢ ሰነዱ ጋር አመሳክሬ፣ ቆጥሬ፣ በሞዴል 19 ገቢ አደርጋለሁ። ክፍሎች ሲጠይቁ በሞዴል 22 ወጪ አደርጋለሁ። ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር መግጠሙን አያለሁ። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ከቆጠራ ኮሚቴው ጋር እቆጥራለሁ። ሞዴል 19ን አሜሪካዊ ቀጣሪ አያውቀውም፤ ስለዚህ የሰነዱን ቁጥር ትታችሁ የሚሠራበትን ሥራ አስረዱ። ከዚያ «ከመጻፍህ በፊት የጎደለህን አንድ በአንድ ጠይቀኝ፤ ያልነገርኩህን አትጨምር» በሉት። ስንት ዓይነት ዕቃ እንደነበረ፣ ጉድለት ሲገኝ ምን እንዳደረጋችሁ ይጠይቃል። መልሳችሁ ውስጥ ነው ሬዙሜው ያለው። የሥራ ማስታወቂያውንም ለጥፋችሁ ከልምዳችሁ ጋር እንዲያወዳድር አድርጉ።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። ኤአይ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ሲቀይር ይሳሳታል፤ ራሳችሁ አስሉት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ትጨምራላችሁ። ጥቅምት 2012 የነበረው 2019 ነው፣ ሐምሌ 2012 ደግሞ 2020። ስማችሁ ወርክ ፐርሚቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ እዚህ ሬዙሜ ላይ አይገባም።

ሲጨርስ እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። በቃል ማስረዳት የማትችሉትን መስመር ሰርዙ፤ ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ስለ ኢንተርቪው ሳነሳ፣ ወገኖቼ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በትሕትና ነው። «ሠራን»፣ «አስተካከልን» እንላለን፤ ጠያቂው ግን እናንተ ራሳችሁ ያደረጋችሁትን ነው የሚፈልገው። እዚህ «ከአስቸጋሪ ደንበኛ ጋር የገጠማችሁን ንገሩኝ» የመሰለ ጥያቄ የተለመደ ነው። መልሱ ሁኔታውን፣ የእናንተን ኃላፊነት፣ የወሰዳችሁትን እርምጃና ውጤቱን በቅደም ተከተል ይይዛል። ኤአይውን በድምፅ ከፍታችሁ «አንተ ቀጣሪ ሁን፣ ጥያቄ አንድ በአንድ ጠይቀኝ፣ "እኔ" ማለት ሲገባኝ "እኛ" ካልኩ አስቁመኝ» በሉት። በአነጋገራችሁ አትፈሩ፣ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ለዚህ ሁሉ ነፃው አገልግሎት ይበቃል፤ ኮምፒውተር የሌለው በሰፈሩ ላይብረሪ በነፃ ያገኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ኤ-ነምበር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥራችሁ)፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ አታስገቡበት። የጥገኝነት ጉዳያችሁን ታሪክም እንዲጽፍላችሁ አትስጡት፤ እሱ ከጠበቃ ጋር የሚሠራ ነው።

ሥራ ከገባችሁም በኋላ ይኸው ጥንቃቄ ይቀጥላል። ሆም ኬር ወይም ነርሲንግ ሆም የምትሠሩ፣ የታካሚ ስም፣ የሕመም ሁኔታ፣ የክፍል ቁጥር ቻት ውስጥ መለጠፍ ከሥራ ሊያስባርር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የሚባለው ሕግ የታካሚን መረጃ ይጠብቃል። ሪፖርት አጻጻፍ መለማመድ ከፈለጋችሁ የፈጠራ ሰው ተጠቀሙ። ቢሮ የምትሠሩም የድርጅቱን ሰነድ ከማስገባታችሁ በፊት የሚፈቀደው የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ሱፐርቫይዘራችሁን ጠይቁ።

ለኢሜይል ግን በጣም ይጠቅማል። «ነገ ልጄን ሐኪም ጋ ስለምወስድ 30 ደቂቃ እዘገያለሁ» ለማለት ኤአይ አንድ ገጽ ይቅርታ ሊጽፍላችሁ ይችላል። «በሦስት መስመር፣ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ሳትለማመጥ» በሉት። ምክንያቱ፣ የምትደርሱበት ሰዓትና ሥራውን ማን እንደሚሸፍን ከተገለጸ ይበቃል።

ከመጀመሪያው ሥራ ወደ ሙያችሁ መመለስ ስታስቡ መረጃውን ከኤአይ አፍ አትውሰዱ። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የየስቴቱ ቦርድ ነው፤ የሜሪላንዱ ከቨርጂኒያው ይለያል፣ ኤአይም ያደባልቃቸዋል። ሐኪም መንገዱ ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን በሚያረጋግጠው ድርጅት፣ በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ነው። ነርስ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ትወስዳለች። እስከዚያ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆና መሥራት የምትፈልግም አለች፤ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሥልጠና ጊዜ 75 ሰዓት ሲሆን ብዙ ስቴቶች ይጨምሩበታል። ዲግሪ ለማስገምገም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሚሠራው ደብልዩ.ኢ.ኤስ. የተባለው ድርጅት አንዱ አማራጭ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ቦርዱ ወይም ቀጣሪው የማንን ግምገማ እንደሚቀበል አረጋግጡ።

ኤአይ እዚህ የሚያግዘው በማስረዳት ነው። የቦርዱን ገጽ ራሳችሁ ክፈቱ፣ ጽሑፉን ቀድታችሁ ለጥፉና «ከዚህ ውጭ ምንም ሳትጨምር፣ የሚፈለጉትን ሰነዶች፣ ክፍያውንና የጊዜ ገደቡን በአማርኛ በቅደም ተከተል ንገረኝ» በሉት። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ ያለበትን ትራንስክሪፕት ለይቶ እንዲያወጣም ጠይቁት፤ ረጅም ጊዜ የሚወስደው እሱ ስለሆነ ጥያቄውን ዛሬውኑ አስጀምሩ።