በመስከረምና በጥቅምት ሃንግዡ ከሄዳችሁ፣ ከሻዩ በፊት አበባውን እዩ

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ወደ ቻይናዋ ሃንግዡ የምትሄዱ፣ ወይም ከኢዉ ከተማ የጅምላ ገበያ መልስ ጎራ የምትሉ፣ ለቤተሰብ ስጦታ ስትገዙ ወቅቱን ተመልከቱ። በከተማዋ ሺሁ ሐይቅ ዙሪያ ያለ ሻጭ ሁሉ የሚያቀርብላችሁ ዝነኛውን የሎንግጂንግ አረንጓዴ ሻይ ነው። ምርጡ ሎንግጂንግ ግን የሚለቀመው በፀደይ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጀመሪያ አካባቢ ነው። እናንተ ስትደርሱ ግማሽ ዓመት አልፎታል፤ አረንጓዴ ሻይ ደግሞ ሲቆይ መዓዛው ይሳሳል። ዋጋው ግን አይሳሳም።

በዚያ ወቅት ትኩስ የሆነው የኦስማንተስ አበባ ነው። የከተማዋ መለያ አበባ ሲሆን በመንገዱ ዳር ሁሉ ይፈካል፤ ሽታው የበሰለ ኮክ ይመስላል። ደርቆ ሲሸጥ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ለሻንጣም አይከብድም። ቆንጠር አድርጋችሁ ተራ ሻይ ውስጥ ብትጨምሩት ቤቱን ያውደዋል። ቀለሙ ወርቃማ የሆነውን፣ ጭራሮ ያልበዛበትን ምረጡ፤ ቡናማው ጊዜው አልፎበታል። ከሐይቁ ራቅ ብሎ የሰፈር ሰው የሚገዛበት ሱፐርማርኬት ይሻላል።

ስጦታው ሻይ ለሚያውቅ ሰው ከሆነ ግን ሎንግጂንጉን አትተዉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት በብርጭቆ አስፈልታችሁ ቅመሱ። ወደ አሜሪካ የምትመለሱ ደግሞ የደረቀ አበባም ሆነ ሻይ በጉምሩክ ማሳወቅ አለባችሁ።