ጫማ ከመስቀል ሁለት ዓመት በፊት፦ በጎንደር ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት

በከፍተኛ ሊግ ወይም በአንደኛ ሊግ የምትጫወትና ዕድሜህ ሠላሳን የተጠጋ ከሆነ ዝግጅቱን ዛሬ ጀምር። ደመወዝ እየገባ መማር ይቻላል። ሥራ ከፈታህ በኋላ ግን የተገኘውን ቡድን በተገኘው ዋጋ ትይዛለህ፣ ጥቂት ወር ትለፋለህ፣ ከዚያ ትሰናበታለህ። አፄዎቹ (ፋሲል ከነማ) በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሱ ወዲህ ጎንደር ውስጥ አሰላለፍ የማያወጣ ሰው የለም፤ ፒያሳ ቡና ላይ የወጣ አሰላለፍ ግን ሃያ ሰው ሜዳ ላይ አያሠራም።

መጀመሪያ ደብተር ግዛ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አሰልጣኝህ ምን እንዳሠራ፣ በስንት ሜትር ሜዳ፣ በስንት ሰው፣ ለስንት ደቂቃ፣ የትኛው ላይ ልጆቹ እንደሰለቹ ጻፍ። ከአንድ የውድድር ዓመት በኋላ ከመቶ በላይ ልምምድ እጅህ ላይ ይኖራል።

ወረቀትህንም አሁኑኑ ሰብስብ። ከተጫወትክባቸው ክለቦች ሁሉ ማኅተም ያረፈበት የልምድ ደብዳቤ ውሰድ። ክለብ ይፈርሳል፣ ጸሐፊ ይቀየራል፣ ማኅደር ይጠፋል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ «እኛ ጋ መጫወትህን የሚያውቅ የለም» መባል የተለመደ ነው። የትምህርት ማስረጃህንም አብረህ አስቀምጥ። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ከዲ ተነስቶ ወደ ሲ፣ ወደ ቢ፣ ወደ ኤ የሚወጣ መሰላል ነው፤ የሥልጠና ጥሪ ሲወጣ ፋይሉ የተዘጋጀ ሰው ይቀድማል።

ላይሰንሱን እስክታገኝ ግን እጅህን በልጆች ላይ አፍታታ። አዘዞም ይሁን ማራኪ፣ በሰፈርህ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን አሠልጥን። ከ16 ልጅ በላይ ለብቻህ አትያዝ። ኳሱ 4 ቁጥር ይሁን፤ 5 ቁጥር ኳስ እስከ 450 ግራም ስለሚመዝን ትንሽ ልጅ በጫማው ጫፍ መምታት ይለምዳል፣ ልማዱ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። 7 ለ 7 አጫውታቸው።

ወደ አዋቂ ቡድን ስትመጣ አዲስ አሰልጣኝ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ዘዴ አጥቶ ሳይሆን ተጫዋቹን አሰልፎ በማቆም ነው። 18 ሰው በአንድ መስመር ቆሞ ተራ በተራ ወደ ጎል ከመታ፣ እያንዳንዱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ኳስ የሚነካው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ለ18 ተጫዋችና ለ2 ግብ ጠባቂ 8 ኳስ፣ 24 ኮን፣ በሁለት ቀለም 6፣ 6 መለያ ይበቃል። የ90 ደቂቃ ልምምድ እንዲህ ሊከፈል ይችላል፦

ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ። የፊፋ 11 ፕላስን ተጠቀም፤ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ነው። ብዙዎች መሃሉን 10 ደቂቃ ይዘሉታል፤ ከጉዳት የሚጠብቀው ግን በተለይ እሱ ነው፣ የጭን ኋላ ጡንቻ የሚጠነክረው እዚያ ላይ ነውና።

ከዚያ 15 ደቂቃ አራት ለሁለት (አራቱ ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ መሃል ሆነው ለመንጠቅ ይሞክራሉ)፣ 8 በ8 ሜትር በሆኑ ሦስት ሳጥኖች። ኳስ የነጠቀ ይወጣል፣ የተነጠቀ ይገባል። ሳጥኑን አታስፋ፤ 12 ሜትር ካደረስከው መሃል ያሉት ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ይቆማሉ።

ዋናው ሥራ 30 ደቂቃ ነው። 18ቱን በስድስት ስድስት ክፈል፤ በ40 በ30 ሜትር ሜዳ፣ በግብ ጠባቂ፣ ሁለቱ ቡድን ሲጫወት ሦስተኛው ዳር ላይ ቀስ ብሎ ይቀባበላል። አንዱ ዙር 4 ደቂቃ ሆኖ 1 ደቂቃ መቀያየሪያ ስጥ። በስድስት ዙር እያንዳንዱ ቡድን አራት ጊዜ ይጫወታል። የቀረው 20 ደቂቃ 9 ለ 9 ጨዋታ፣ የመጨረሻው 5 ደቂቃ ማቀዝቀዣ።

በጨዋታው ውስጥ አትግባ። ኳስ ያልጠገበ አሰልጣኝ ሁሉ ይህን ያደርጋል፣ ከዚያም የሚያየው ፊቱ ያለውን ተጫዋች ብቻ ይሆናል። ዳር ቁም፤ ስታስቆም ደግሞ በአንድ ዙር አንዴ፣ ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ። ማሳየት የፈለግኸውን አሳይና ውጣ።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ፣ ለምሳሌ ከመተማ፣ የመጣ አዲስ ተጫዋች በመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሽ ሲያጥረው «ሰነፍ ነው» ብለህ አትፍረድ፤ ሩጫውን ቀንስለት፣ ዕረፍቱን አርዝም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ተጫዋቾች ካሉህ ከባዱን ልምምድ በልተውና ውኃ ጠጥተው ለ11 ሰዓት አድርገው፤ ጠዋት ላይ የቆመ ኳስና አሰላለፍ ብቻ አሠራ። በረመዳን ግን ከመግሪብ በፊት ቀለል ያለ ሥራ ነው የሚሻለው። በክረምት ጭቃው የግቡን አፍ ስለሚያበላሽ ትንንሹን ሜዳ በየቀኑ ቦታ ቀይር።

አሁን ከባዱ ነገር፤ ትናንት አብሮህ የተሰለፈ ጓደኛህን ዛሬ ከቋሚ ማውጣት። ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ለብቻው ጥራና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረው፦ «የመስመር ተከላካያቸው ፈጣን ስለሆነ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ»። ረጅም ማብራሪያ ልመና ይመስላል። ከተለጠፈ ወረቀት ላይ አይቶ ካወቀው ግን መልበሻ ክፍሉን ለወር ታጣዋለህ። «ኮች በሉኝ» ብለህ አታስገድድ፤ በቅጽል ስምህ ቢጠሩህም ልምምድ በሰዓቱ ከጀመርክ ቃሉ ራሱ ይመጣል። ማታ ከሦስት አራቱ ጋር ብቻ መቀመጥን ግን ተው። ያልተጠራው አሰላለፉ እዚያ የወጣ ይመስለዋል፣ አንዳንዴም ልክ ነው።

በጨዋታ ቀን ሕጉን እወቅ። እስከ 5 ቅያሪ በተፈቀደበት ውድድር ጨዋታ አስቁመህ መቀየር የምትችለው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ በዕረፍት የተደረገው አይቆጠርም። በ55ኛው፣ በ62ኛው፣ በ70ኛው ደቂቃ አንድ አንድ ሰው ከቀየርክ፣ በ80ኛው ሰው ሲጎዳ ሁለት ቅያሪ እያለህ በ10 ሰው ትጨርሳለህ። ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርገህ ቀይር፣ አንዱን ማቆሚያ ለመጨረሻው ሩብ ሰዓት አስቀር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ዳኛ ለአሰልጣኝም ካርድ ያሳያል። ከተጠባባቂ ወንበር የተሰደበ ዳኛ ተሳዳቢውን መለየት ካልቻለ ካርዱ የሚመጣው ለዋናው አሰልጣኝ ነው፤ ስለዚህ ወጌሻህንም ቡድን መሪህንም አስቀድመህ አስጠንቅቅ።

አስተዳደሩን በተመለከተ፦ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 18 ተጫዋች፣ 2 አሰልጣኝ፣ ወጌሻና ቡድን መሪ፣ በድምሩ 22 ሰው፤ አንድ ኮስተር ይበቃል። የትራንስፖርት፣ የምግብ፣ የአልጋና የውሎ አበል ዝርዝሩን አንተ ጻፈው፤ ገንዘቡን ግን ቡድን መሪው ፈርሞ ይያዝ። ደረሰኝ ሲጎድል ጥያቄው ወደ አሰልጣኙ እንዲዞር ምክንያት አትሁን። ደመወዝ ሲዘገይ «በዚህ ሳምንት ይገባል» አትበል፤ ቢሮው የሰጠህ ቀን ካለ እሱን ብቻ ተናገር፣ ከሌለ «ቀን አልሰጡኝም» በል።

የራስህ ውል ላይ አራት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ግቡ (ማደግ ነው ወይስ አለመውረድ)፣ ተጫዋች ሲፈርም የማን ቃል እንደሚጸና፣ የማሸነፊያ ጉርሻ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ ውሉ ከጊዜው በፊት ቢቋረጥ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚከፈልህ። «በቃል ተስማምተናል» የሚል የቦርድ አባል በምርጫ ሲቀየር ቃሉም አብሮት ይሄዳል። አንድ ቅጂ ማኅተም አስደርገህ ቤትህ አስቀምጥ።